ጨለማውን የገለጠችው ጥይት

ለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ኤችኤምኤስ ቤልፋስትን ካየሁ ወዲህ ሐሳቤ ጥይቶቿ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ሙዚየም ናት፤ በዘመኗ ግን ባለ 6 ኢንች መድፎቿ ብቻ 12 ነበሩ።

ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከውሃው ወለል በታች ነው። አንዱ 51 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ግማሽ ኩንታል እህል በሉት። በውጊያ ጊዜ አንድ መድፍ በደቂቃ ስድስት ሰባት ጊዜ ይተኩሳል። ያን ሁሉ እየተወዛወዘች ባለች መርከብ ውስጥ የሚያቀብሉት ወጣቶች ነበሩ። ባሩዱ ደግሞ በከረጢት ሆኖ ለብቻው በሌላ ክፍል ይቀመጣል። እሳት ከተነሳ ክፍሉ በባሕር ውሃ ይጥለቀለቃል። እዚያ ቆሜ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አሰብኩ። ጥንቃቄው ግን በከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1941 ሁድ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የባሩድ ክፍሏ ሲፈነዳ ከ1,418 ሰው የተረፉት ሦስት ናቸው።

ዋናዎቹ ጥይቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ለመርከብ የተሠራው ጫፉ ሹል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ብረቱን በስቶ ከገባ በኋላ ይፈነዳል። ለየብስ ዒላማ የሚሆነው ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ የሚይዘው ፈንጂም ከእጥፍ ይበልጣል። ክብደታቸው እኩል ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ሦስተኛዋ ናት፣ አብሪዋ። ሰው ለመግደል አልተሠራችም። ሰማይ ላይ ትከፈትና የሚነድ መብራት በጃንጥላ አንጠልጥላ ቀስ ብላ ትወርዳለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1943፣ ከኖርዌይ ሰሜን። በዚያ ወቅት እዚያ ፀሐይ አትወጣም። ቤልፋስት ሻርንሆርስት የተባለችውን የጀርመን መርከብ በራዳር ስትከታተል ውላ፣ ወደ አመሻሹ ላይ አብሪ ጥይት ተኮሰችባት። ጨለማው ሲገለጥ የሻርንሆርስት መድፎች ወደ ጠላቶቿ እንኳ አልዞሩም ነበር። ወዲያው ዱክ ኦፍ ዮርክ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባለ 14 ኢንች መድፎች መተኮስ ጀመሩ። ሻርንሆርስት ላይ ከነበሩት 1,968 ሰዎች የተረፉት 36 ብቻ ናቸው። ሌሎቹን በረዷማው ባሕር ዋጣቸው። ለእነሱ የገና ማግስት ነበር። ከጥይቶቹ ሁሉ ለእኔ የምትከብደው ይህች መብራት ናት።

ቤልፋስት በኋላ ኮሪያ ዘምታለች። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ተራራ ላይ ሲዋጋ እሷ ጠረፉን ትደበድብ ነበር። በዚያ ጦርነት ከ6 ኢንች መድፎቿ ከ8,000 በላይ ጥይት ተኩሳለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1952 ደግሞ ከደሴት የተተኮሰ አንድ ጥይት እሷኑ መታት። ላው ሶ የሚባል ቻይናዊ መርከበኛዋ ሞተ፤ ሌሎች አራት ቆሰሉ።