የቀዳም ሥዑር ቅቤ

ባለፈው ዓመት በቀዳም ሥዑር ጠዋት እናቴ ለዶሮው የሚሆን ቅቤ እንዳነሳት ተናግራ ወደ ሾላ ገበያ ላከችኝ። ካህናቱ ያደሉትን ቄጤማ ግንባሩ ላይ ያላሰረ ሰው በቅቤ ተራው ውስጥ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ሻጩም አስሯል፣ ገዢውም አስሯል፣ ዕቃ ተሸካሚውም አስሯል። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ እስኪፈስክ ድረስ የቀሩትን ሰዓታት እየቆጠረ ይገበያያል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ዘንድ ቀርቤ ከቅቤው ጥቂት በጣቴ ቆንጥሬ አሸተትኩ፤ ጥሩ ለጋ መሰለኝ። ሁለት ኪሎ እንዲመዝኑልኝ ስጠይቃቸው ግን፣ «ልጄ፣ ለጋው ከላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከሥሩ በሳል አለበት። እኔም ካመጣው ሰው ስረከብ ተታልዬ ነው። ከፈለግህ በድብልቅ ዋጋ ውሰደው» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ከጎናቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ነጋዴ ሰምቶ ኖሮ፣ «ኧረ እትዬ፣ ገበያችንን አጠፉብን እኮ!» አላቸው። እሳቸው ቅቤውን በቢላዋ ከፍለው ሥሩን እያሳዩኝ፣ «ዛሬ ሌሊት ልቆርብ ነው፤ ይህን ይዤ የት እገባለሁ?» ብለው መለሱለት። እንደ እሳቸው ሁሉ እሱም ቄጤማውን አስሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርስቲያን በኅብረተሰቡ ውስጥ በጎ ተጽዕኖ ሊኖረው ይገባል የሚል ስብከት በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለዚያ ቢላዋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 62 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ መሆኑን ተናግሯል። እንዲህ ባለ አገር የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ ማር ከስኳር ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ የሚል ዜና መስማት ለምደናል። ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲህ ያለው ማጭበርበር ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ለፋሲካና ለገና ገበያ፣ ማለትም ክርስቲያን ለክርስቲያን ወንድሙ የጌታን በዓል ማክበሪያ በሚሸጥበት ጊዜ መሆኑ ነው። እንግዲህ የጎደለን የክርስቲያን ቁጥር አይደለም።

ጌታ «እናንተ የምድር ጨው ናችሁ» ሲል የእኛ አባቶች ምሳሌውን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል የሚመጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ግን በሙሉ ዋጋው አይመነዘርም ነበር። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረታችንም ከወንጌሉ ቃል ጋር ጎን ለጎን የሚቆም ነው። ጨው ወጡ ውስጥ ከገባ በኋላ አይታይም፤ መኖሩ የሚታወቀው በቀማሹ አፍ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተጽዕኖ የምንለው መታየትን፣ መሰማትን፣ በክርክር መርታትን ሆኖብናል።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 በዚህ ጉዳይ ላይ ከማውቀው ሁሉ ግልጽ ነው። ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው «ምን እናድርግ?» ብለው ዮሐንስን ሲጠይቁት ሥራችሁን ተዉና ወደ ምድረ በዳ ተከተሉኝ አላላቸውም፤ «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ወታደሮቹንም እንዲሁ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው። ንስሐቸው እዚያው በሥራ ቦታቸው፣ በሚሰበስቡት ቀረጥና በሚይዙት መሣሪያ ላይ እንዲታይ ነው የጠየቃቸው። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የሌላውን ገንዘብ አራት እጥፍ እመልሳለሁ በማለት ነው መለወጡን ያሳወቀው።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ጉዳይ ነበረኝ። ፋይሉ አልተገኘም እየተባልኩ ሦስት ሳምንት ከተመላለስኩ በኋላ በደላላ በኩል የተጠየቅሁትን ሰጠሁ፤ ፋይሉም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ወረቀቱን ያስረከበኝ ሰው አንገቱ ላይ ማዕተብ ነበረው፤ የእኔም አንገት ላይ ነበር። ማዕተቦቻችን ያን ቀን በእኔና በእሱ መካከል ከተደረገው ነገር ምንም አልለወጡም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ይሁን እንጂ የሚሰጠው ገንዘብ ስለሌለው በእኔ ምክንያት ወረፋው ወደ ኋላ ለተገፋው ሰው የእኔ መናዘዝ ቀኑን አይመልስለትም። ጉቦ ሁልጊዜ የማናየው ሦስተኛ ሰው እንዳለበት የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱም ከገበያውም ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን ጓዳ ነው። እሑድ ነጠላችንን ለብሰን ቅዳሴ ስንሄድ ቤት ጠባቂ ሆና የምትቀረው ልጅ በብዙ ቤት አለች። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ሌሊት ተነሥተው ማታ መጨረሻ ላይ የሚተኙ፣ ዘመድ የሌላቸው ልጆች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት ውስጥ ለሚሰጥ የግል አገልግሎት ተፈጻሚ አይደለም፤ ስለዚህ የዚህች ልጅ የዕረፍት ቀን፣ የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ጭማሪ በአብዛኛው በእመቤቲቱና በጌታው ኅሊና ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሕጉ ዝም ባለበት ክርስቲያን ዝም ካለ የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል ብሎ ሐዋርያው ያዕቆብ የጻፈው ቃል ለማን ሊነበብ ነው? በጎረቤታችን አንድ ቤተሰብ ሠራተኛቸውን ማታ ትምህርት ቤት አስመዝግበው፣ የምትማርበት ሰዓት ሲደርስ እናትየዋ ራሳቸው ሳህን ሲያጥቡ አይቻለሁ። ማንንም አልሰበኩም። በሁለተኛው ዓመት ግን ከዚያው መንደር ሦስት ልጆች ደብተር ይዘው አብረው ይወጡ ጀመር።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናንም ሳስብ ልቤን የሚነካው በኋላ ያቋቋሙት ትልቅ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሲሳለሙ በረሃብ የተጎዱ የወሎ ሰዎችን በመንገድ ላይ አዩ፤ እንደማንኛውም ተሳላሚ ዳቦና ጠበል ይዘው ነበር፣ ያንኑም ሰጡ፤ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናትም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መንገዱን ብዙ ሺህ ምእመን አልፎበታል። እሳቸው ቆሙ።

ታማኝነት የእኛ ብቻ ሀብት ነው ለማለት እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። እናቴ ኮረሪማና ኮሰረት ስትገዛ የምትሄደው ወደ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነጋዴ ነበር፤ ምክንያቷን ስትጠየቅ «እሱ ሚዛን ላይ አላህን ይፈራል» ትል ነበር። ይህን እየሰማሁ ማደጌ ስለ እምነቱ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ አስተምሮኛል። ስለ እኛስ በሌላ ቤት እንዲህ ይባል ይሆን?

ያን ዕለት ድብልቁን ቅቤ በቅናሽ ገዝቼ ተመለስኩ። እናቴ አንጥራ ስትጨርስ፣ «እኚህን ሴትዮ የት እንዳሉ አሳየኝ» አለችኝ። ዘንድሮ ለፋሲካ አብረን ሄድን፤ ሴትየዋ በደንበኛ ተከበው ስለነበር ተራ መጠበቅ ነበረብን። ከጎናቸው ያለው ጎልማሳ ነጋዴ አየኝና ሳልጠይቀው፣ «ይኼኛው ድብልቅ ነው፣ ያኛው ንጹሕ ለጋ ነው» አለኝ። ዋጋውን አልቀነሰልኝም። ቢሆንም ከእሱም ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።