ከፎቶ ላይ ሐሳብ ማንበብ

አንዲት ጓደኛዬ ማታ ደወለችልኝ። የእንስሳትን ሐሳብ በፎቶ ብቻ አነባለሁ የሚል ሰው አግኝታ የድመቷን ፎቶ ልካለት ነበር። ከፍላ ነው ደግሞ። "ብቸኝነት ይሰማታል" አላት። የኔን ፎቶ ብትልክለትም ያንኑ የሚል ይመስለኛል፤ ብቸኝነት የማይሰማው ማን አለ?

ግን ዝም አልኳት። ነገሩን ጭራሽ ለማጣጣል ድፍረቱ የለኝም። ውሻዬ ገላዋን ላጥባት ሳስብ ታውቃለች። ፎጣ አላነሳሁ፣ ቧንቧ አልከፈትኩ፤ ገና ብድግ ከማለቴ አልጋ ስር ናት። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ደግሞ ጆሮዋ እንኳን አይነቃነቅም።

በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ታሪኮች የምወደው የሃንስን ነው። ሃንስ የበርሊን ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። "3 ሲደመር 4?" ሲሉት በኮቴው መሬቱን 7 ጊዜ መትቶ ያቆማል። ሰዉ ጉድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1904 የተሰየመ ቡድን መረመረውና ምንም ማጭበርበር አጣ።

ምስጢሩን የደረሰበት ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት ነው፤ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1907 አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ሃንስም አያውቅም። ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድም ያው ነው። ለካ ቁጥሩ መልሱ ላይ ሲደርስ የጠያቂው ራስ ሳይታወቀው በጣም በትንሹ ቀና ይላል። ሃንስ ያኔ መምታቱን ያቆማል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፣ "ፈረሱ ሂሳብ አይችልም" ብሎ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ፕፉንግስት ምስጢሩን ካወቀ በኋላ እንኳን የገዛ ራሱን እንቅስቃሴ መግታት አቃተው። ይባስ ብሎ እሱ ራሱ ፈረስ ሆነ! ሰዎች በልባቸው ቁጥር ይይዛሉ፤ እሱ በእጁ እየመታ ያያቸዋል፤ ራሳቸው ነቅነቅ ሲል ያቆማል። አብዛኛውን ጊዜ አገኘው።

ታዲያ ልዩ ተሰጥኦ ሲባል የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ትኩር ብሎ ላየ ሰውም ያነባል። እኛ አናይም እንጂ። እንስሳቱ ግን ምግቡም በሩም በእጃችን ስለሆነ ዓይናቸውን ከኛ ላይ አይነቅሉም። ዓይን ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት የሰለጠኑ ውሾች ከአንድ ሰው የተወሰደ ላብና ትንፋሽ ሰውዬው ከመጨነቁ በፊት የነበረው ይሁን ከተጨነቀ በኋላ የወጣው በማሽተት ለይተዋል። እኔ ምንም አላሳየሁም ስል ሰውነቴ ስንቱን ሲያወራ ይውላል!

በፎቶ አንባቢው ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። ፎቶ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፣ እንቅስቃሴ የለው። ድመቷ የምትናገርበት ሁሉ የጎደለበትን ነገር ይዞ፣ ሐሳቧን ሰማሁ ይላል።

ጓደኛዬ "ድጋሚ ልክፈል እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች። ነገ ስደውልላት ከድመቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዓይኗን ቀስ እያለች ከደን ገለጥ እንድታደርግ እነግራታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ድመቶች እንዲህ ላያቸው ሰው የራሳቸውንም ዓይን እያጠበቡ መልሰዋል፤ እንግዳ ሰው እንኳን እንደዚያ ሲያደርግ ወደ እጁ ይበልጥ ቀርበዋል። ቢያንስ ክፍያ የለውም።