የቴስተሮች ስብሰባ፣ ያልተሞከረ ፎርም

ዛሬ የሶፍትዌር ቴስተሮችን ሰብስበን ዋልን። ደክሞኛል፣ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ውርደቱን ልናገር። የመመዝገቢያ ፎርማችን በመሃሉ ክፍተት ያለው ስልክ ቁጥር አይቀበልም ነበር። የሰው ሥራ ላይ ስህተት ስንለቅም የምንውል ሰዎች የራሳችንን አልሞከርነውም! አንዱ በር ላይ "ባጉን (የፎርሙን ስህተት) ሪፖርት ላድርግ ወይስ ልግባ?" አለኝ።

ስላይዶቼ ላይ ሰዉ ስልኩን ማየት ጀመረ። ወሬው የሞቀው የአሪያን 5 ሮኬት ታሪክ ሲነሳ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በረራዋን በጀመረች 40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደመች። ከአሪያን 4 የተወረሰ ኮድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ባለ 16 ቢት ቦታ ውስጥ ሊያስገባ ሞክሮ አልችል አለ። የድሮዋ ላይ ችግር አልነበረውም። አዲሷ ግን ፈጣን ነበረች፤ ኮዱን በእሷ የበረራ መረጃ የሞከረው አልነበረም።

ይህን ጊዜ ከኋላ ዝም ብላ የቆየች ልጅ፣ "እኛም ጋ እኮ 'ድሮ ይሠራ ነበር' እየተባለ ነው የሚያልፈው" አለች። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ሁሉም የየመሥሪያ ቤቱን ጉድ ዘረገፈ። ሰዓታችን አልፎ ጥበቃው ቁልፍ እያንቃጨለ አስወጣን።

ለሚቀጥለው ፎርሙን ቀድሜ ለእሷ ነው የምልከው።