እማዬ ጉርሻዋን ያሳነሰች ቀን

ትናንት ጠዋት ከአራት ኪሎ ተነስቼ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ ወጣሁ። በእግሬ ነው። መሀል ላይ አልቆምኩም። ዳገቱን ስንጨርስ ልቤ ይመታ ነበር፤ ግን ከልጄ ጋር ወሬያችንን አላቋረጥንም። የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ እዚሁ ድልድይ ላይ ስልክ የማናግር መስዬ ቆሜ ነበር። የደወለልኝ ሰው አልነበረም። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።

ማታ ደብተሬን አወጣሁ።

ጥር 2010 ላይ ዴልሂ ሄጄ ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አስቀነስኩ። ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ቆርጠው አወጡት። የቀረልኝ እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ከረጢት ነው። ያኔ 128 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ስኳር ጀምሮኝ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እንቢ ብሏል። ሌሊት ትንፋሼ እየተቋረጠ ልጄ እየተነሳች ትቀሰቅሰኝ ነበር። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ሌሊት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትቆጥር ሰማኋት። ትንፋሼን ነበር የምትቆጥረው። በማግስቱ ወሰንኩ።

ስለ ቀዶ ጥገናው ሰው ብዙ ይጠይቀኛል። አመመሽ ወይ? ስንት ብር ፈጀ? ጠባሳው ያስጠላል ወይ? ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ግን የሚጠይቀኝ የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ቶሎ አለፈ። ኪሎው በየሳምንቱ ይወርዳል። በአራተኛው ወር ላይ ፀጉሬ በማበጠሪያ እየወጣ አስደነገጠኝ፤ በኋላ ግን ተመልሶ በቀለ። ረሃብ የሚባል ነገር ጠፋ። ሐኪሙ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን እንዳለ አስረዳኝ። "ርቦኛል" የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው እሱ ነው። በብዛት የሚመነጨው ደግሞ ተቆርጦ ከወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ትዝ አይለኝም ነበር። በዓመት ተመንፈቅ 74 ኪሎ ገባሁ። ስኳሬም ያለ ኪኒን ወረደ።

ግን እኛ ጋ መክሳት ደስ የሚል ወሬ አይደለም። "ወፈር ወፈር ብለሻል" ማለት "ተመስገን፣ ኑሮ ተስማምቶሻል" ማለት ነው። ለከሳ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ "ምን ነካሽ?" ነው። በኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው 1990ዎቹን አይረሳም። አንድ ሰው ሲከሳ ሰፈሩ እንዴት ድምፁን ይቀንስ እንደነበር፣ ስንት ወጣት እንደቀበርን፣ በሽታው በስሙ እንኳን እንዴት እንዳልተጠራ። እኔም ስከሳ እነዚያኑ ዓይኖች አየኋቸው። ለቅሶ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ይንሾካሾካሉ። ጎረቤታችን የነበሩ እትዬ አንድ ቀን እጄን ይዘው "የኔ ልጅ፣ ጠበል ሞክረሻል?" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ያልነገርኳቸው ስላፈርኩ ነው። ከዴልሂ በተመለስኩ ሰሞን አንድ ዘመዴ "አፍሽን ብትዘጊ ኖሮ ሆድሽ ባልተቀደደ" ብሎኛል። ያ ንግግር ውስጤ ቀረ።

ስለዚህ ሌላ ቃል አገኘሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ እንቢ ሲሉ የማያስቀይም አንድ ቃል አለ። ጨጓራ። "ጨጓራዬን ያመኛል" ካልኩ ማንም አይከራከረኝም። በየቤቱ ጨጓራ ያለበት ሰው አለና። እንዲያውም ያክሙኛል። አንዷ ተልባ በጥብጣ ታመጣለች፣ ሌላዋ በርበሬ ተይ ትለኛለች። ቃር ደግሞ በእርግጥም አለብኝ። ይህ ቀዶ ጥገና ብዙ ሰው ላይ ቃር ያመጣል። ዛሬም ድረስ ሁለት ትራስ ደርቤ ነው የምተኛው። ስለዚህ ውሸት አልመሰለኝም። አምስት ዓመት በዚያ ቃል ኖርኩ።

ያስተወችኝ አንዲት የቢሮ ልጅ ናት። ከኔ በሃያ ዓመት ታንሳለች። እንደ ድሮው እንደኔ ከባድ ናት። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆና ስትገባ ሰው ፊቱን ሲያጠቁርባት አይቻለሁ። እኔም ለዓመታት ጋቢና ካልተገኘ አልሳፈርም ነበር፣ ወይም የሁለት ሰው እከፍላለሁ። አንድ ቀን "እትዬ፣ እርስዎ እንዴት አድርገው ነው የቀነሱት?" አለችኝ። እኔም ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ እራት መተው፣ ብዙ መራመድ ብዬ መለስኩላት። በቃ እንደዚህ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

እሷ ግን አመነችኝ። እራቷን ተወች። ለውጥ ስታጣ ምሳዋንም ተወች። ሁለት ወር ያህል እንደዚያ ቆይታ አንድ ቀን ከሰዓት ደረጃ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተሰበረችም። ሻይ በስኳር አድርገን አጠጣናት። ሰው ሲበተን ከጎኗ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ዴልሂ፣ ስለ ጨጓራዬ፣ ሰውነት ራሱ ኪሎውን ላለመልቀቅ እንዴት እንደሚታገል። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "እኔኮ ራሴን ሰነፍ እያልኩ ስሰድብ ነበር" አለችኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ እነግራለሁ። በኔ መንገድ ሂዱ አልልም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ደማችሁን አሳዩ እላለሁ።

በአራተኛው ዓመት ረሃቡ ተመለሰ። ሊመለስ እንደሚችል ተነግሮኝ ነበር፤ ግን ሰው ደህና ሲሆን አይሰማም። እንደ ድሮው የሚያንገበግብ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አሥር ሰዓት ሲሆን አንድ ማኪያቶ፣ ከሱ ጋር አንድ ቁራጭ ኬክ። ሥጋና እንጀራ ትንሽ ሲበሉ ይይዛሉ። ኬክና ጣፋጭ መጠጥ ግን ትንሿን ጨጓራ ሾልከው ያልፋሉ፣ ጥጋብም የላቸው። በዓመት ውስጥ 14 ኪሎ ተመለሰብኝ። ሚዛኑን አልጋ ሥር ገፋሁት። ለምርመራ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። ሐኪሜ ጋ በመጨረሻ ስሄድ ገና በሩ ላይ እንባዬ መጣ። አልተቆጡኝም። "ጥቂት መመለሱ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፤ የሚያሳስበኝ መጥፋትሽ ነው" አሉኝ። ዛሬ 84 ላይ ነኝ። ማኪያቶውን አልተውኩም፤ ስኳሩንና ኬኩን ነው የተውኩት።

ስለ ቆዳው ብዙ አልጽፍም። ክንዴና ሆዴ ላይ ተንጠልጥሏል። ልብስ ይሸፍነዋል። በበዓል የምለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ሦስት ጊዜ አስጠብቤዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መልሼ አስፍቼዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ጾሙ መጻፍ እፈልጋለሁ። እንደኔ ያለ ሌላ ሰው እንዲያውቀው ነው።

እኔ ከልጅነቴ ጿሚ ነኝ። ሁዳዴ 55ቱን ቀን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሁለተኛው ዓመት ላይ እንደ ድሮዬ ጀመርኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የታዘዙልኝን የቫይታሚን ኪኒኖች ደግሞ እየረሳሁ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር ለማግኘትም ይከብዳል። አንዳንዱን ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ነው የማስመጣው። ሰው ካልመጣ ወሩ ያልፋል። ምንም አልሆንኩም፣ ስለዚህ አያስፈልገኝም አልኩ።

ሰውነት ግን እንደዚያ አይሠራም። ቢ 12 የሚባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። ወደ ደም ለመግባት ደግሞ ጨጓራ ራሱ የሚያመነጫቸው ነገሮች ያስፈልጉታል። የኔ ጨጓራ አብዛኛው የለም። በዚያ ላይ የዓመቱን ብዙ ቀን እጾማለሁ። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚይዝ ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ስንቁ ሲያልቅ ነው የሚወጣው። በኔ ላይ አምስተኛው ዓመት ላይ ወጣ። መጀመሪያ እግሮቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ቀጥሎ ደነዘዙ። ምላሴ ተላጠ። ቢሮ ውስጥ የማውቀው ቃል ይጠፋብኛል። የጫማ ነው፣ የድካም ነው እያልኩ ወራት አሳለፍኩ። ደሜ ሲታይ ቢ 12 በጣም ወርዷል፣ ብረትም ጎድሏል። መርፌ ጀመርኩ። መጀመሪያ በተከታታይ፣ ከዚያ በየወሩ። አብዛኛው ለቀቀኝ። የግራ እግሬ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ እንደደነዘዙ ናቸው። ነርቭ ሲጎዳ ሁሉም አይመለስም።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። "የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም" አሉኝ።

"አባ፣ እኔኮ አልታመምኩም። ተሽሎኛል" አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው እግሬን አዩ። "ታዲያ እነዚህ ጣቶች የማን ናቸው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን እሳቸው በፈቀዱልኝ መጠን ነው የምጾመው። መርፌዬን አልዘልም። በጾም ቀን ሽሮውን ወፍራም አድርጌ፣ ምስርና ባቄላ ጨምሬ፣ እንጀራውን አሳንሼ እበላለሁ። በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል ተብያለሁ፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፣ እንግዲህ አስቡት። ብረቱን ማታ ስተኛ እውጣለሁ። ቡና ብረትን ስለሚከለክል ከአቦል ጋር አይገናኙም። ውሃም ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። እንጀራ አፍ ውስጥ ትንሽ ትመስላለች። ሆድ ገብታ ወጡን መጥጣ ስታብጥ ነው የሚታወቀው።

እና እማዬ።

እማዬ ሰው የምትወደው በእጇ ነው። ቤቷ የገባ ሰው ሳይጎርስ አይወጣም። ከዴልሂ በተመለስኩበት ዓመት ፋሲካ ላይ የዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ፣ የእንቁላል ቁራጭ ጨምራ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ዘረጋችልኝ። በእጄ ከለከልኳት። "በሞቴ" አለች። እንቢ አልኩ። "አፈር ስሆን" አለች። ጎረስኩት። አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ደረቴ ላይ ተሰነቀረና ሮጬ ወጥቼ አስመለስኩት። ስመለስ እጇን ታጥባ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። "የእናትሽን እጅ ሆድሽ ጠላው" አለችኝ። ማስረዳት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ በዓላት ለኔ ለብቻ ትንሽ ሰሃን ይቀርብልኝ ነበር። ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ እኔ ሰሃኔን ጉልበቴ ላይ ይዤ እቀመጣለሁ። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ከረሃቡም ከመርፌውም ይልቅ የጎዳኝ ያቺ ሰሃን ናት።

ዘንድሮ ፋሲካ ሰሃኗ አልቀረበችም። እማዬ "ነይ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ" አለችኝ። ትሪው ዙሪያ ወንድሜ ቦታ ለቀቀልኝ። ከምግቡ በፊት ልጄ ጓዳ ውስጥ አያቷን ቆማ ስታነጋግር አይቻለሁ። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኩም። እማዬ እንጀራውን በጣቷ ጫፍ ቆረሰች። ዶሮውን ከአጥንቱ ለይታ አደቀቀችው። ለሕፃን እንደሚደረገው። ጠቀለለችና አየችው። እንደገና ለሁለት ከፈለችው።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለች።

የመጀመሪያውን ሰጠችኝ። ቀስ ብዬ አላመጥኩት። ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች ጠበቀችኝ። ትሪው ዙሪያ ያሉት ሁሉ መብላት አቁመው ነበር። ስውጥ አየችኝ፤ ትንሽ ቆየች፣ "ወረደ?" አለችኝ።

"ወረደ እማዬ" አልኳት። ሁለተኛውንም አጎረሰችኝ።