ከሁለታችንም ሰባት በመቶ ይቆረጣል

የሜሪላንድ ስቴት ሠራተኛ ነኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር እየተመላለስኩ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ጋሼም እንደኔው ሐበሻ ናቸው (ስማቸውን አልጠራም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል)። የሥራ መደባችን አንድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለጡረታ ከእሳቸውም ከእኔም ደሞዝ 7 በመቶ ይቆረጣል። ጡረታ ስንወጣ የምናገኘው ግን አንድ አይደለም። እሳቸው የተቀጠሩት በ2009 ነው፣ እኔ በ2012። ልዩነቱ ይኸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መሐል ላይ 2011 አለ። ያኔ የስቴቱ የጡረታ ፈንድ በእጁ የነበረው ገንዘብ፣ ወደፊት መክፈል ካለበት 64 በመቶ ገደማውን ብቻ የሚሸፍን ነበር። የ2008ቱ የገበያ ውድቀት ጎድቶታል። ከዚያ በፊትም ስቴቱ ባለሙያዎች አስልተው ክፈል ካሉት አሳንሶ ሲከፍል ነው የከረመው። ገዥው ማርቲን ኦማሊ የጡረታ ለውጥ ሐሳብ አቀረቡ። መምህራኑና የስቴት ሠራተኞች የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። ቢሆንም ሕጉ አለፈ፣ ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

ነባሮቹ ይከፍሉት የነበረው 5 በመቶ ወደ 7 ከፍ አለ። ዋናው የጡረታ ስሌታቸው ግን እንዳለ ቀረላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተቀጠርነው 7ቱን ያለ ምንም ቅናሽ ስንከፍል፣ ስሌታችን ደግሞ ሌላ ሆነ። ለእነሱ እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአማካይ ደሞዛቸውን 1.8 በመቶ ያስገኛል፣ ለእኛ 1.5። የእነሱ አማካይ የሚወሰደው ከፍተኛ ደሞዝ ካገኙባቸው ተከታታይ 3 ዓመታት ነው፣ የእኛ ከ5። እነሱ 5 ዓመት ሠርተው ቬስት ያደርጋሉ (ሥራ ቢለቁም የጡረታ መብታቸው አይቀርም)፣ እኛ 10 መጠበቅ አለብን። እነሱ በ62 ሙሉ ጡረታ ይወጣሉ፣ ወይም 30 ዓመት ካገለገሉ በማንኛውም ዕድሜ። እኛ በ65፣ ወይም ዕድሜያችንና አገልግሎታችን ተደምሮ 90 ሲሞላ። ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው ሳቀ። አገር ቤት መምህር ሆኖ በ60 ዓመቱ ነው ጡረታ የወጣው። «አሜሪካ ሄዳችሁ አምስት ዓመት ተጨመረባችሁ?» አለኝ።

በገንዘብ እንየው። አማካይ ደሞዙ 60,000 ዶላር የሆነ ሰው 25 ዓመት አገለገለ እንበል። በ1.8 ሲባዛ በዓመት 27,000 ዶላር ይደርሰዋል። በ1.5 ደግሞ 22,500። በወር የ375 ዶላር ልዩነት ነው፣ ዕድሜ ልክ። ሶሻል ሴኩሪቲ (የፌዴራል መንግሥቱ ጡረታ) ለሁለቱም አለ፤ የማወራው ስለ ስቴቱ ጡረታ ብቻ ነው።

ስሌቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩትና «ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ? እኔም እኮ ሁለት በመቶ ተጨምሮብኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም።

የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ጡረታ ይቀነስ ሲባል ዱላው ሁልጊዜ የሚያርፈው ገና ባልተቀጠረው ሰው ላይ ነው። የሠራተኛ ማኅበር አባል አይደለ፣ ሰልፍ አይወጣ፣ ለእንደራሴው አይደውል! በ2011 ጸደይ እኔ ዲሲ ውስጥ የፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ነበርኩ። አናፖሊስ ስለኔ ጡረታ እየተወራ መሆኑን በምን ላውቅ? ነባሮቹ የሚከፍሉት ሲጨመርባቸው ቢያንስ መጮህ ችለዋል።

ሌላም አለ። ሕጉ ሲወጣ ከሠራተኛው ተጨማሪ መዋጮ ከሚገኘው ቁጠባ ስቴቱ በዓመት እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር መልሶ ፈንዱ ውስጥ ሊያስገባ ነበር። ዓላማው በ2023 ፈንዱን 80 በመቶ ማድረስ ነበር። በጀት ሲጠብ ግን ይህ ገንዘብ ተቀነሰ፣ በ2015 ወደ 75 ሚሊዮን ወረደ። የእኛ 7 በመቶ ግን አልተነካም። ሳይጎድል ይቆረጣል።

የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በዚያው 2011 የወጣው ሕግ፣ ሜዲኬር (የፌዴራል መንግሥቱ የአረጋውያን የጤና መድን) ያላቸው ጡረተኞች ከስቴቱ የሚያገኙትን የመድኃኒት ሽፋን ለማስቀረትም ወስኖ ነበር። ጡረተኞች በ2018 ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ዳኛው አገዱት፣ ዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ ሜዲኬር የመድኃኒት ፕላን ተዛወሩ። የዛሬ ውሳኔ ሰው ኪስ እስኪገባ አሥራ ምናምን ዓመት ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው። እስከዚያ ሰዉ ይረሳዋል።

ከሁሉም በላይ ሰዎቻችንን ሲጎዳ ያየሁት አሥር ዓመቱ ነው። አንዲት ወዳጄ ስምንተኛ ዓመቷ ላይ የግል ድርጅት የተሻለ ደሞዝ ሰጣትና ለቀቀች። «ጡረታሽስ?» ስላት «ስምንት ዓመት ሠርቼ ምን ይሆናል ብለሽ ነው» አለችኝ። የደረሳት ራሷ ያዋጣችው ገንዘብና 5 በመቶ ወለዱ ነው። የጡረታው መብት ቀረ። ስቴት ቤት የምትሠሩ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት በየዓመቱ የሚላክላችሁን የጡረታ መግለጫ አውጡና የአገልግሎት ዘመናችሁን እዩ። የሻይ ሰዓት ወሬ አትመኑ። እኔ ራሴ «አምስት ዓመት ይበቃል» ሲሉኝ የከረሙት ከ2011 በፊት የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው።

የስቴቱ ምክር ቤት ጃንዋሪ ላይ ይከፈትና 90 ቀን ይሰበሰባል። ማኅበር ውስጥ ያሉ ጓደኞቼ 1.5ቱ ወደ 1.8 ይመለስልን ይላሉ። ቢሆንልን ደስ ይለኛል፣ ብዙ ገንዘብ ስለሆነ ግን ቶሎ የሚሆን አይመስለኝም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ አሥሩ ዓመት ወደ አምስት ይመለስ እላለሁ። ወጪው በጣም ያነሰ ይመስለኛል። ደግሞ ማንን እንደሚጠቅም አውቃለሁ። በአርባዎቹ ዕድሜ መጥቶ፣ ዓመታት ታክሲ ነድቶ ወይ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ ሃምሳን አልፎ ስቴት ቤት የገባውን ሰው ነው። ያ ሰው ሰባት ዓመት ሠርቶ ጉልበቱ ቢደክም፣ አሁን ባለው ሕግ የስቴት ጡረታ የለውም። አምስት ዓመት ቢበቃ ኖሮ ግን በ60,000 ደሞዝ፣ በዚሁ በ1.5 ስሌት እንኳ፣ 65 ሲሞላው በዓመት 6,300 ዶላር ያገኝ ነበር። ለምክር ቤቱ ኮሚቴ የምልከውን የጽሑፍ ምስክርነት በዚህ ቁጥር ጀምሬዋለሁ።