እንኳን ማርያም ማረችሽ

አራስ ቤት የገባ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። በልቤ ግን «የታለ ምሕረቱ?» እል ነበር። እሷው ይቅር ትበለኝ።

የመጀመሪያ ልጄ ነው። ምጡ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። ልጁ ትልቅ ስለነበር ሲወጣ እስከ ፊንጢጣዬ ድረስ ተቀደድኩ። ሰፍተው በነጋታው ሸኙኝ። በሳምንቱ ስፌቱ አመረቀዘ። ከዚያ ንፋሱም ሰገራውም በማይሆንበት በኩል፣ በብልቴ፣ ይመጣ ጀመር። ይሄ ለማን ይነገራል? እናቴ ገንፎውን አቅርባልኝ ቶሎ እንድትወጣ እጸልያለሁ። ዕጣን ማጨስ አበዛሁ። ባለቤቴ «ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አደረግሽው» እያለ ይስቃል።

በ40 ቀኑ ልጄ ክርስትና ሲነሳ ካህኑ አልከለከሉኝም። እኔው ራሴን ከለከልኩ። ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቀረሁ፣ ሁለት ጨርቅ ደርቤ። እዚያው «እመቤቴ፣ ከዚህ ካወጣሽኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

እንጦጦ ጸበል ተመላለስኩ። ቁስሉ አልዳነም። መልሱ ግን የመጣው ከዚያው ነው። አንድ ቀን ወረፋ ላይ አጠገቤ የነበሩ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ከወለድሽ ወዲህ ነው?»

ዝም አልኩ። እንባዬ ነው የመለሰላቸው።

«እኔ ዘጠኝ ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ሐምሊን ሂጂ፤ ገንዘብ አይጠይቁሽም። ጸበልሽንም አትተይ።»

ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ናቸው የከፈቱት፤ ፊስቱላ የሚሉት እንደ እኔ ያለውን፣ ከወሊድ የሚመጣ ቀዳዳ ነው። ስሙን ስንቴ ሰምቻለሁ! ለገጠር ሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኝ ነኝ። ሐኪሙ አይቶኝ «ይሠራል» አለ። ግን እብጠቱ እስኪበርድ፣ ከወለድኩ ሦስት ወር እስኪሞላኝ ጠብቂ ተባልኩ። ተናደድኩ።

ተኝቼ ስታከም አጠገቤ ያሉት ሽንታቸው የሚፈሳቸው ነበሩ። ምጡ ቀናት ሲወስድ የልጁ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር ተጭኖ ይገድለዋል፤ እዚያ ቦታ ይበሳል። የአብዛኞቹ ልጆች አልተረፉም። እኔ ልጄን ታቅፌ ነበር የማማርረው።

ኦፕራሲዮኑ ሲሠራ ከወገቤ በታች ደንዝዤ ነበር። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የባሰው፦ መጠበቅ። ፈሳሽ ብቻ፣ ማማጥ ክልክል፣ ድርቀት እንዳይመጣ ውሃ በውሃ። ንፋስ በመጣ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

በአራተኛው ቀን በትክክለኛው መንገድ ወጣ። በድምፅ! ሰው በዚህ እልል ይላል? እኔ አልኩ። አጠገቤ የተኛችው ልጅ ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።

አሜን አልኩ።

ጃንጥላውን ለግንቦት ልደታ አስገባሁ፤ ቀይ ነው፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ። ሁለተኛዋን ልጄን ሐኪሞቹ እንዳዘዙኝ በኦፕራሲዮን ወለድኳት። እሷን ክርስትና ስናስነሳ ዛፉ ሥር አልተቀመጥኩም።