ከሥሯ ደረቅ ነው

ትናንት የከፋ ቀን አልነበረም፤ ድብርት ነገር ብቻ ነበር። መኪናዋን ጋራዥ ትቼ በእግሬ ወደ ጣና ዳር ወረድኩና ጀበና ቡና አዘዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ከኅዳር ጀምሮ ውሃ ትጠጣለች። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን እከፍታለሁ፤ ጎድሏል። ግማሽ ሃይላንድ እጨምራለሁ። በማግስቱም ጎድሏል። ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፤ ካርቶኑ ደረቅ። ቱቦዎቹን ዳበስኩ፤ ደረቅ። ስትነሣ ከጭስ ማውጫዋ ነጭ ጭስ ይወጣል። የሐይቁ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉን ነገር በሐይቁ ያሳብባል፤ ጉንፋኑንም፣ ትንኙንም፣ ከሥራ ማርፈዱንም።

ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩን በቀዝቃዛው፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አስነሣው። "ርገጣት" አለኝ። ረገጥኳት። ውሃው ውስጥ አረፋ ተንተከተከ።

"የቴስታታው ጋስኬት ተበልቷል" አለ። ከላይ ባለው የሞተር ራስ፣ በቴስታታው፣ እና ከሥሩ ባለው ብሎክ መካከል ያለችው ስስ ነገር ስትበላ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃውም ወደ ሲሊንደሩ ይገባና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ነጩ ጭስ ለካ የኔ ሃይላንድ ነበር።

የዘይቱን መለኪያ መዞ አየ። ንጹህ ነው። "ዕድለኛ ነህ ወንድሜ። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ማኪያቶ ይመስል ነበር። ያኔ ኩሽኔታውንም ይበላልሃል።" ቴስታታው ይወርዳል፣ ጠሞ እንደሆነ ይለካል፣ ከጠመመ ተልጦ ይስተካከላል።

"ሁለት ወር ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር?"

"ውሃ ስጨምር።"

ሳቀ። የቧንቧ ውሃ መሆኑን ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። የቧንቧ ውሃ ሞተሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ደግሞ እዚህ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ ክፍቱን ከተጣደ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዘውና ኩላንት የሚባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስላለበት ነው። እኔ ደግሞ ኩላንቱን በየጠዋቱ ሳቀጥነው ከረምኩ።

ቡናዬን ይዤ ሐይቁን አየሁ። ይሄ ሁሉ ውሃ በየት ይወጣል? አባይማ ድልድዩ ላይ ቆመው ያዩታል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ የሚሄደው አለ፤ እሱ ከዚህ አይታይም። ፀሐይ የምትወስደው ጨርሶ አይታይም። ግን አባይ ከሚወስደው አያንስም።

እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ታናሼ ትዝ አለኝ።

እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። "ደህና ነህ?" "ደህና። አንተስ?" "ደህና። ልጆቹስ?" "ደህና ናቸው።" "በል በርታ።" ሁለት ደቂቃም አይሞላም። የቤቱን ነገር አንነካም። አባባ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን አልነካነውም። አልተጣላንም፤ አልተጯጯህንም። ጎረቤት ቢጠየቅ "እንዴት ያሉ ወንድማማቾች ናቸው" ነው የሚለው። እኔም አንድ እሑድ አልዘለልኩም ብዬ በራሴ እኮራ ነበር።

ታዲያ ክዳኑን ማን ይክፈተው? በትኩሱ ደግሞ አይከፈትም፤ ፊት ይልጣል። ሦስት ዓመት ለመብረድ አይበቃም ወይ?

ደወልኩለት። ረቡዕ ነው።

"ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?" አለ ገና ሲያነሣው።

"ኧረ ማንም አልሞተም። መኪናዋ ተበላሽታብኝ ነው።"

ሃያ ደቂቃ አወራን። ስለ ጋስኬት። የቴስታታውን ብሎኖች አብረህ ቀይር፣ አሮጌውን መልሰው እንዳያስሩብህ፣ ሲላጥ ቆመህ እይ አለኝ። እንዲህ ስናወራ ስንት ዘመናችን ነው። ልጀምረው ስል፣ "በል በርታ" አለኝና ዘጋ። ወይስ እኔ ነኝ ያልኩት?

ዛሬ ጠዋት እንደልማዴ ሃይላንዴን ሞልቼ ወረድኩ። መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ ዘበኛው ፀሐይ ይሞቃል።

"ጋሼ፣ መኪናዋ የለችም እኮ" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። ሃይላንዱን ከፍቼ፣ እያየኝ፣ ውሃውን ራሴ ጠጣሁት።